ንቦቹ ያልተቀበሉት ስም

ጌዚነ የቤቱን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታ የመጀመሪያውን ቀፎ ሦስቴ ቆረቆረችው።

«ንቦች፣ ጌታችሁ ሞቷል» አለች። «ዲድሪክ ኤከንሆፍ ሞቷል። ከእንግዲህ ጌታችሁ ሃርም ኤከንሆፍ ነው። ቤቱን ጥላችሁ እንዳትሄዱ።»

ከዚያ ጆሮዋን በቀፎው ላይ ለጥፋ ጠበቀች።

ለንብ መርዶ መንገር እኛ ዘንድ ጨዋታ አይደለም። የእርሻ ጌታ ሲሞት ላሞቹ በጋጣቸው ይነገራቸዋል፣ በጎተራ ያለው የዘር እህል በአካፋ ይገለበጣል። ላም ግን ምን ታውቃለች፤ ብትነግራትም ባትነግራትም ታመነዥካለች። ንብ ናት ስም የምትጠይቀው። ማን እንደሞተና ማን እንደተተካ በስም ካልተነገራት አትቀበልም። በረዶ ወርዶ በቀፏቸው ውስጥ ተጨብጠው በሚከርሙበት ወራት እንኳን ሲቆረቆሩ ከውስጥ ጥዝዝ ይላሉ፤ ጥዝዝ ካሉ ሰምተዋል ማለት ነው። ዝም ካሉ ደግሞ ከዚያው ቤት አንድ ሰው ሟቹን ይከተለዋል። እሱም ሁልጊዜ ደካማው ነው።

ንቦቹ ዝም አሉ።

ሁለተኛውን ቆረቆረች፣ ሦስተኛውን ቆረቆረች፣ በግንቡ ጥግ የተደረደሩትን ሁሉ አዳረሰች። የሁሉም መልስ አንድ ነበር።

«ሞተው ይሆናል» አለች ጌዚነ፣ ከኋላዋ ለቆመችው አክስቷ ለታልካ።

ታልካ እጇን ከሻሿ ሥር አውጥታ መዳፏን በቀፎው ላይ አሳረፈች። «አልሞቱም። ንኪው፣ ይሞቃል። አሉ፤ እያዳመጡሽ ነው።»

«ታዲያ ምነው አይመልሱ?»

  የታልካ ዓይን ወደ ቤቱ መስኮት ሄደ። ከመስኮቱ በስተጀርባ የጌዚነ ልጅ ትንሹ ፎኮ ተኝቶ ይስላል።

«ግቢ» አለች። «ሰው መጥቷል፤ ኬኩን የሚቆርስ የለም።»

ዲድሪክ በእንግዳው ክፍል፣ በሁለት ወንበሮች ላይ በተጋደመ ሳጥን ውስጥ እሁድ እሁድ የሚለብሰውን ጥቁር ልብሱን ለብሶ ተኝቷል። መስታወቱ በአንሶላ ተሸፍኗል፣ ሰዓቱ ቆሟል፣ መስኮቱ ነፍስ እንድትወጣበት በጣት ያህል ተከፍቷል። በዚያ ቀዳዳ የነብራስካ ነፋስ ስለሚገባ የለቀስተኛው ሐዘን ሁሉ አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ብቻ የሚቆይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ጥርሱን እያንገጫገጨ ወደ ኩሽና ምድጃ ይሸሻል። እንዲህ ሆኖ ኩሽናው ሞላ።

አጎት ሉበ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ወንበር ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቀም። የማንም አጎት አይደለም፤ ስላረጀ ብቻ ነው አጎት የምንለው። በጉልበቱ ላይ የቅቤ ኬክ የተቀመጠበት ሳህን አለ።

«ዲድሪክ ቢኖር ኬኩን እንዲህ አወፍሮ አይቆርስም ነበር» አለ እያኘከ። «እሱ ሲቆርሰው በወዲያ በኩል ያለው ሰው ይታያል።»

ሴቶቹ መሀረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ለቅሶ ቤት በመሀረብ ውስጥ መሳቅ ይፈቀዳል።

«እህሳ ሃርም» ቀጠለ ሉበ፣ ቡና ወደሚቀዳው ወደ ጌዚነ ባል ዞሮ። «አሁን ጌትየው ኤከንሆፍ አንተ ሆንክ። ስምህን ሸጠህ ላም ገዝተህ፣ ይኸው ዛሬ ቤቱንም መረቁልህ።»

«ላሞቹ ጥሩ ነበሩ፣ አጎት ሉበ» አለ ሃርም። «የእኔ ስም ወተት አይሰጥም ነበር።»

ሃርም በዚህ ቀልድ ከሠርጉ ጀምሮ ነው የሚኖረው። እኛ ዘንድ ሰው ለእርሻ ስም አይሰጥም፤ እርሻው ነው ለሰው ስም የሚሰጠው። ወንድ የእርሻ ወራሽ የሆነች ሴት ካገባ የአባቱን ስም በሩ ላይ እንደ ጭቃማ ጫማ አውልቆ ይገባል። አያቶቻችን አገር ቤት፣ ጀርመን እያሉ እንዲያ ነበር፤ እዚህም እንዲያው ነው፣ አሜሪካኖቹ ቢስቁም። ሃርም ሬንከን የነበረው እስከ ሠርጉ ጠዋት ድረስ ነው። ከሰዓት በኋላ ኤከንሆፍ ሆነ።

ፓስተሩ ገባ። ወጣት ነው፣ ከከተማ የመጣ፣ ጆሮው በብርድ የቀላ። በቀብር ላይ የሟቹ ዘርና ሕይወት ስለሚነገር ያንን ሊሰማ ነው የመጣው። ጌዚነ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቆመች። እንባ አልነበራትም። አባቷ ከሞተ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልወጣትም፤ ሴቶቹም ይህን አይተው በሹክሹክታ ሲያኝኩት ውለዋል።

«ዲድሪክ የዮሃን» ብላ ጀመረች፣ «ዮሃን የጌርድ፣ ጌርድ የላምፐ፣ ላምፐ የኦልትማን፣ ኦልትማን የፍሬርክ፣ ፍሬርክ የአረንድ። አረንድ ስዊድኖች ቤቱን ሲያቃጥሉ የበሩን ጉበን ከእሳት ጎትቶ ያወጣው ነው።»

ሰባት ቤት ሙሉ አንዴም ሳትደናቀፍ ቆጠረች። ፓስተሩ ተገርሞ አያት። እሱ ከአያቱ በላይ አያውቅም፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«ድንቅ ነው። አባትሽ ታዲያ የት ነው የተጠመቁት?»

 ጌዚነ የሰባተኛው አያት ከእሳት ምን እንዳወጣ ታውቃለች፤ አባቷ የት እንደተጠመቀ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። እሷም ጠይቃ አታውቅም።

«አገር ቤት ሳለን ኤከንሆፎች ከእኛ ደብር ማዶ ነበሩ» አለ አጎት ሉበ፣ ሊያግዝ ብሎ። «ሕፃን ሆኜ አውቃቸዋለሁ። ግን እኮ ዮሃን ወንድ ልጅ አልነበረውም። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ፣ እሷም ሳንባዋን የታመመች።»

 ሃርም ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ።

«ሉበ» አለች ታልካ። «ኬኩ ያንቅሃል። ብላና ዝም በል።»

«እውነት ነው የተናገርኩት።»

«እውነትም ያንቃል።»

ጌዚነ ያን ምሽት ሳህን እያጠበች ስለ እሁዶች አሰበች። ልጅ ሳለች የሰፈሩ ልጆች በቀዘቀዘው ኩሬ ላይ ሲንሸራተቱ አባቷ አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ያስቆጥራት ነበር። ፒፓውን በጠረጴዛው ላይ ኳ እያደረገ ነው የሚያርማት። ከተሳሳተች እንደገና ከላይ። ዲድሪክ የዮሃን፣ ዮሃን የጌርድ። አንድ እሁድ ሰልችቷት፣

«አባ፣ አባትህ ዮሃን ጢም ነበረው?» አለችው።

«ነበረው ይላሉ» አለ ፒፓውን እየጠቀጠቀ።

«ይላሉ?»

«ቀጥዪ።»

ሌላም ነገር ነበረ። እናቷ በስሟ ጠርታት አታውቅም። «የእኔ ልጅ» ትላታለች፣ «ጫጩት» ትላታለች፣ ሲብስባት «አንቺ ሴት» ትላታለች፤ ጌዚነ ብላት ግን አታውቅም። በዚያ ቤት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ጌዚነን ከግቢ ሆኖ በስሟ መጣራት ክልክል ነበር። ይህን ያላወቀ አንድ አዲስ ቅጥር ሠራተኛ ነበረ። አንድ የመከር ምሽት እራት ቀርቦ ሳለ በሩ ላይ ቆሞ ወደ በቆሎ ማሳው «ጌዚነ» ብሎ ተጣራ።

ጌዚነ ጠረጴዛው ሥር ከድመቷ ጋር ነበረች።

ከበቆሎው ውስጥ «አቤት» የሚል መልስ መጣ።

ሁሉም ሰምቷል። የአዋቂ ሴት ድምፅ ነበር፤ ደከም ያለ፣ መጠራቱን ሲጠባበቅ የቆየ የሚመስል። ዲድሪክ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። አልቆለፈውም፤ ጀርባውን ነው የሰጠው። እንደዚያ ተደግፎ ቆሞ ከዮሃን ጀምሮ እስከ አረንድ በዝግታ ቆጠረ፤ ከዚያ እንደገና። እናቷ ሾርባውን መቅዳት አላቆመችም፤ ሳህን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ እስኪፈስ ድረስ ትቀዳለች። ሠራተኛው በማግስቱ ደመወዙን እንኳ ሳይጠይቅ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ጌዚነ ወደ ቀፎዎቹ ተመልሳ ያንኑ ቃል ነገረቻቸው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ዝቅ አድርጋ። ሃርም ከኋላዋ መጣ።

«ምናልባት የእኛን ቋንቋ ረስተው ይሆናል» አለ። «በእንግሊዝኛ ልሞክራቸው?»

አልሳቀችም። ሃርምም ሳቅ እንዳልመጣ ሲያይ እጇን ያዘ። «በረዶ ሆነሻል። ነይ።»

«ትናንት ማታ የፎኮ ትኩሳት ጨምሯል፣ ሃርም።»

«ልጅ ይታመማል፣ ይድናል።»

«ንቦቹ ዝም ብለዋል።»

ሃርም ጓንቱን አውልቆ በእጇ ላይ አጠለቀላት።

ፎኮ ከምድጃው ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ ተኝቷል። ታልካ ደረቱን የዝይ ስብ ትቀባዋለች። ጉንጩ ቀልቷል፣ ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ጌዚነ ጎንበስ ብላ ሰማችው።

«ጌዚነ የዮሃን፣ ዮሃን የጌርድ፣ ጌርድ የላምፐ...»

አያቱ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ከልጁ ጋር በአንድ ክፍል ነበር የሚተኛው። ማስቆጠር ጀምሮት ነበር ማለት ነው፤ በዚህ ዕድሜው። ጌዚነ ግንባሩን ዳበሰችው።

«ተሳሳትክ፣ የእኔ ጌታ። ዲድሪክ የዮሃን ነው የሚባለው።»

«አይደለም። ጌዚነ የዮሃን።»

«ጌዚነ እኮ እኔ ነኝ። እኔ የዲድሪክ ነኝ።»

ፎኮ ዓይኑን ገለጠ። «አንቺን አላልኩም» አላት። «ያቺኛዋን ነው። አያቴ ሲደክመው እሷ ናት የምትቀጥለው። አሁን ከእኔ ጋር ትቆጥራለች።»

የስቡ ሳህን ከታልካ እጅ ወደቀ።

ጌዚነ አክስቷን በክንዷ ይዛ ወደ ወተት ማስቀመጫው ጓዳ አስገባቻትና በሩን ዘጋችው።

«ንገሪኝ።»

«ለእናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምዬላታለሁ። ዲድሪክ ከምድር በላይ እስካለ ድረስ ከአፌ አይወጣም ብዬ። እሱ ደግሞ ይኸው ገና ከምድር በላይ ነው፤ ነገ ነው የሚቀበረው። ነገ ማታ እነግርሻለሁ።»

«ልጄም ገና ከምድር በላይ ነው፣ አክስቴ» አለች ጌዚነ። «እዚያው እንዲቆይልኝ እፈልጋለሁ።»

ታልካ በተደፋ የወተት ባልዲ ላይ ተቀመጠች። አሮጊት እንደሆነች ያን ጊዜ ብቻ ታየ።

«አባትሽ አባት አልነበረውም» አለች። «እናቱ የሰው ቤት ገረድ ነበረች፤ እሱን ወልዳ ሞተች። ዲድሪክ አሉት፤ ዲድሪክ ብቻ። ከዚያ በኋላ ባደረበት ቤት ስም ይጠራል፤ ዘንድሮ የእገሌ፣ በሚቀጥለው ዓመት የእንትና። ልብስ እንደሚዋስ ሰው። ጎልማሳ ሲሆን ንብ ጠባቂ ሆኖ ኤከንሆፍ እርሻ ገባ። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሴት ናት፤ ሉበ የተናገረላት፣ ሳንባዋን የታመመችው። ዘመዶቿ አጥር ላይ እንዳለ ቁራ ሞቷን ይጠብቃሉ። ታዲያ እነሱን ልታቃጥል ብላ ይሁን ብቸኝነት ገድሏት፣ ንብ ጠባቂውን አገባች። በወጉ መሠረት ዲድሪክ ኤከንሆፍ ሆነ።»

«ስሟ ማን ነበር?»

«ታውቂዋለሽ።»

«የእኔ ስም» አለች ጌዚነ።

«አንድ ክረምት ኖረች» ቀጠለች ታልካ። «ያንን ክረምት በሙሉ አልጋ ላይ ሆና አያቶቿን አስቆጠረችው። ቢሳሳት እንደገና ከላይ። ‹እርሻውን ይወስዱብሃል› አለችው፣ ‹እነዚህን ግን ሊወስዱብህ አይችሉም። አደራ ሰጥቼሃለሁ። የሚቆጥራቸው ሰው እስካለ አይጠፉም። ከጣልካቸው ራሴ መጥቼ እሰበስባቸዋለሁ።› ከዚያ ሞተች። ዘመዶቿ ዳኛ ይዘው መጡ፤ አባትሽ በለበሰው ካፖርት ወጣ። እኔና እናትሽ መርከቡ ላይ ነው ያገኘነው። ባሕሩን እያየ ያነበንባል፤ እኛ የሚጸልይ መስሎን ጨዋ ሰው አልን። ሲቆጥር ነበር ለካ። ምስኪን እህቴ ባል ያገባች መስሏት የመንደር ሙታን አገባች።»

«እኔንስ በእሷ ስም?»

«ወግ ነዋ። ከሁለተኛ ሚስት የምትወለድ የመጀመሪያ ሴት ልጅ የሟቿን ስም ትወርሳለች። እናትሽ እሺ አለች፤ ወግ ስለሆነ። አፏ ላይ ግን አልወጣላትም። ‹ብጠራት ማንኛዋ እንደምትመጣ አላውቅም› ትለኝ ነበር።»

 በጓዳው መስኮት ቀፎዎቹ ይታያሉ። ጌዚነ አባቷ በየጠዋቱ ወደ እነሱ ሲሄድ የሚናገረውን አስታወሰች፤ ጎንበስ ብሎ፣ በማንም ላይ በማይጠቀምበት ለስላሳ ድምፅ፣ ‹እኔ ነኝ፣ ዲድሪክ› ይላቸው ነበር። ኤከንሆፍ ብሏቸው አያውቅም። ለሰው ሁሉ የነገረውን ስም ለንቦቹ አልነገራቸውም።

«የማያውቁትን ሰው መርዶ ነው የነገርኳቸው» አለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ታልካ። «ተጠንቀቂ፣ ልጄ። አደራ አይጣልም።»

«ማን ይጥላል? ለባለቤቱ እመልሰዋለሁ።»

የቀብሩ ጠዋት ሰማዩ ወርዶ ጣራው ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ወንዶቹ ሳጥኑን ዘግተው ተሸከሙት፤ ደፉ ላይ ሲደርሱም አወረዱት። ይህ የተለመደ ነው። ሟች ከቤቱ ሲወጣ ደፉ ላይ ጥቂት ያርፋል፤ መልሶ እንዳይመጣ ይሰናበታል። ብዙውን ጊዜ አንድ አባታችን ሆይ ያህል ነው የሚቆየው።

ጌዚነ ከሳጥኑ ራስጌ ተንበረከከች። አፏን ከክዳኑ አስጠጋች።

«ምን እያደረገች ነው?» አለ ፓስተሩ።

«ሥራዋን» አለች ታልካ።

«ጌዚነ የዮሃን» አለች ጌዚነ በክዳኑ ላይ። «ዮሃን የጌርድ።»

አልቸኮለችም። እያንዳንዱን ስም እንደ እንቁላል በጥንቃቄ አስቀመጠችው። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሉበ እንኳን ማኘኩን አቆመ። ጌርድ የላምፐ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆራረጠና ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም አለች።

ቆጠራው ግን አልቆመም።

ቀስ ብሎ፣ ከቤቱ ውስጥ ይሁን ከውጭ በማይታወቅ ደከም ባለ ድምፅ፣ «ላምፐ የኦልትማን» አለ። ሃርም ታልካ መስላው ዞረ። ታልካ ከንፈሯን በመሀረብ ይዛ ወደ ፎኮ አልጋ ታያለች። ፎኮ አፉን ገጥሞ ተኝቷል። ፓስተሩ ሁለት ጊዜ አማተበ፤ እንደ ካቶሊክ።

ጌዚነ ቀና አላለችም። «ኦልትማን የፍሬርክ» ብላ ተቀበለች። «ፍሬርክ የአረንድ።» የመጨረሻዎቹን ስሞች ሁለቱ ድምፆች አብረው ተናገሯቸው።

«አባ» አለች ከዚያ በኋላ። «አደራህን ይዘህላት ሂድ። ሙሉ ነው፤ አንድም አልጎደለም። እኛ ዘንድ የቀረ የላትም።»

«ታዲያ እነዚህ ከዛሬ ወዲያ ማን ሊባሉ ነው?» አለ ሉበ በሹክሹክታ፣ ሹክሹክታው ጋጣ ድረስ ቢሰማም። 

ሳጥኑ ተነሣ። ሳጥኑ ግቢውን ሲያቋርጥ ቀፎዎቹ በትንሹ ብድግ መደረግ አለባቸው፤ ይህን የሚያደርገው አዲሱ ጌታ ነው። ሃርም እጆቹን በመጀመሪያው ቀፎ ሥር አስገብቶ ጠበቀ። ጌዚነ ቁልፉን አነሣች።

«ንቦች» አለች። «ዲድሪክ ሞተ።» እዚህ ላይ ኤከንሆፍ የሚለው ስም መከተል ነበረበት፤ አልተናገረችውም። «ዲድሪክ ብቻ። የሚጠብቃችሁ። አባቴ...» ብላ አቃታት። መናገር ካቃታት በኋላ ከሞተ ጀምሮ ያልመጣው እንባ መጣ፤ ለአፍንጫዋም ለአገጯም ሳይራራ። በእጅጌዋ ጠረገችውና ቀጠለች። «ከእንግዲህ ጌታችሁ ሃርም ሬንከን ነው።»

ሃርም ያንን ስም ከሠርጉ ጠዋት በኋላ ሰምቶት አያውቅም። ቀልድ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሁላችንም አየነው። ምንም አልመጣለትም። እንደዚያው አፉን ከፍቶ፣ ቀፎውን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

መጀመሪያ ያወቁት መዳፎቹ ናቸው።

«ጌዚነ» አለ። «እጄ ላይ ነው።»

ጥዝዝታው ከጣውላው ውስጥ ወጣ፤ ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው እየተሻገረ በግንቡ ጥግ ሁሉ ተዳረሰ። ሳጥን የተሸከሙት ሰዎች ሳይታዘዙ ቆሙ። ጌዚነ ቁልፉን እንደጨበጠች ሰማችው። ከቤቱ በኩል መስኮት ተከፈተና የታልካ ራስ ብቅ አለ።

«ላብ አጠመቀው» አለች። «ነቅቷል። ውኃ ስጡኝ ይላል፤ ስትፈልጉ አልቅሱ፣ ስትፈልጉ ዝም በሉ፣ ግን ውኃ የሚያቀብለኝ ሰው ይምጣ።»

ሃርም ሮጠ።

ጋሪው ወደ መቃብሩ ሲነሣ በረዶ መጣል ጀመረ። ሃርም ከልጁ ዘንድ ቀርቷል፤ ጌዚነ ከጋሪው ጎን፣ ከሳጥኑ በስተቀኝ ብቻዋን ትሄዳለች። በእኛ አገር የመጀመሪያው በረዶ በሰያፍ ነው የሚወርደው፤ ማንንም አይመርጥም፣ ፈረሱንም ፓስተሩንም እኩል ያለብሳል። ጥቁሩን ክዳንም ማልበስ ጀመረ። ጌዚነ ጓንቷን አውልቃ እጇን ዘረጋችና፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ የካፖርቱን ትከሻ እንደምታራግፍለት፣ በባዶ መዳፏ ጠረገችው። በረዶው ደግሞ ወረደ። ደግሞ ጠረገችው።

ኮረብታው ሥር ሲደርሱ ዓይኗ በክዳኑ ላይ ተሻገረ። በወዲያኛው ወገን ማንም አይሄድም። እዚያም ግን በረዶ አልነበረም፤ ክዳኑ እንደ እሷ ወገን ተጠርጎ ጥቁረቱ ይታያል።

ጌዚነ ቀና ብላ አላየችም። በራሷ ወገን የወረደውን ጠረገች።